«ጨጓራዬን ነው» የሚል ሁሉ ጨጓራውን አይደለም፦ ድባቴን ከራሳችሁም ከሰውም ላይ እንዴት እንደምትለዩት

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ዘንድሮ አስረኛ አመቴን ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ አመት ካውንተር ጋ ቆሜ የለመድኩት አንድ አይነት ደንበኛ አለ። መጀመሪያ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ይወስዳል፣ በሁለተኛው ሳምንት ራሴን ያቃጥለኛል ይልና ማስታገሻ፣ ከዛ ሌላ ጊዜ ይመጣና ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ እንቅልፍ የሚያስተኛ ነገር የለህም?» ይላል። ሶስቱን ለየብቻ ካያችኋቸው ሶስት በሽታ ነው የሚመስሉት። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አለ፣ እኔ ደሞ ይሄ የገባኝ ከትምህርት ቤት ሳይሆን በራሴ ከደረሰ በኋላ ነው፣ እና የሚያሳፍረው ነገር መድሃኒቱን በእጄ እየሸጥኩ በሽታውን ራሴ ላይ አላወቅኩትም።

ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚ እዚህ የማሳያችሁ ማከም ሳይሆን ቶሎ ማየት ነው። በተለይ እኛ ጋ በሚመጣበት መልኩ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ድባቴ «አዝኛለሁ» እያለ አይመጣም፣ በሆድ በራስ ምታት በንዴት በ«ደከመኝ» በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው።

ደበረኝ እና ድባቴ

«ደበረኝ» የምትለዋ ቃል ነገሩን አበላሽታብናለች። መብራት ጠፋ ደበረኝ፣ ሐዋሳ ከተማ ተሸነፈ ደበረኝ፣ ሰኞ ነው ደበረኝ። ቃሉ ከመቅለሉ የተነሳ ሰውዬው የምር ታሞ እንኳን «ተወው ደብሮት ነው ያልፍለታል» እንላለን። ባለሙያዎቹ ድባቴ፣ ወይ በቃ ዲፕረሽን የሚሉት ግን መለኪያ አለው፦ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት። ከሁለት ነገር ደሞ አንዱ የግድ መኖር አለበት። አንዱ ስሜት መውደቅ ነው፣ ሆድ መባስ በሉት ባዶ መሆን በሉት። ሌላው ድሮ ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ነው። በነዚህ ላይ ሰባት ነገር ይጨመራል፦ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይ መጨመር፣ ጉልበት ማጣት፣ ሃሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መውቀስ፣ እንቅስቃሴ መንቀርፈፍ ወይ በተቃራኒው መቁነጥነጥ፣ እና ስለ ሞት ማሰብ። ከ9ኙ 5 ካሉና ስራና ኑሮ ላይ ከገቡ ሐኪሙ ዲፕረሽን ነው የሚለው ያኔ ነው።

ያቺን ሁለተኛዋን፣ ጣዕም ማጣትን፣ በደንብ ያዙልኝ። ሳያለቅሱ፣ ሳያዝኑ፣ እየሳቁ እንኳን ዲፕረሽን ውስጥ የሚገቡ ሰዎች አሉ፣ እኔ እንደዛ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ዓሳ ሾርባ ጠጥቼ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በዓሳ ትርፍራፊ ሲጣሉ ማየት እወድ ነበር፣ የሳምንቱ በዓሌ ነበር ማለት ይቻላል። ቀረ። ለምን ስባል ኑሮ ተወዷል አልኩ፣ ሌላ ጊዜ ስራ በዛ አልኩ፣ ለራሴም የምናገረው እሱን ነበር። ሰው ሲተው ሁሌም ጥሩ ምክንያት አለው፣ ለዛ ነው የሚያታልለው። ስለዚ ምክንያቱን ተዉትና የተተዉትን ነገሮች ቁጠሩ፣ ሶስት አራት የምትወዱት ነገር በአንድ ወቅት አካባቢ ከተቋረጠ እዛ ጋ ቆም በሉ።

ራሳችሁ ላይ

ራስን ከሰው ጋ ማወዳደር እዚህ ምንም አይጠቅምም። ዝምተኛ ሰው ዝም ቢል ምልክት አይደለም፣ ቀልደኛው ዝም ሲል ግን ነው። ራሳችሁን ከስድስት ወር በፊት ከነበራችሁት እናንተ ጋ ነው የምታስተያዩት።

እንቅልፍ ላይ ብዙ ሰው እንቅልፍ አልወስድ ማለቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። የድባቴ አንዱ መለያ ግን መተኛቱ ሳይሆን መንቃቱ ነው፣ 4 ሰዓት ላይ ድክም ብሎህ ትተኛለህ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቁጭ፣ በቃ። ከዛ እስኪነጋ የድሮ ጥፋት መቁጠር፣ የዛሬ አስር አመት ለሆነ ሰው የተናገርከው ነገር ሳይቀር ይመጣል። ጠዋት ላይ ከባድ ሆኖ ወደ ማታ ቀለል የሚል ከሆነ እሱንም አስተውሉት። አንዳንዱ ደሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ አስራ ሁለት ሰዓት ተኝቶም ሳይተኛ እንዳደረ ሆኖ ይነሳል፣ ቤተሰብ «ሰነፍ» የሚለው እሱን ነው።

አእምሮው ይንቀረፈፋል። እኔ አንዲት ማዘዣ ወረቀት ሶስቴ አንብቤ ምን እንደምትል ይጠፋኝ ጀመር፣ የሐኪም ጽሁፍ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ (እሱማ የታወቀ ነው)፣ በኮምፒውተር የተጻፈውም ጠፋኝ። የሰው መድሃኒት ስለሆነ እዚህ ጋ ነው የፈራሁት።

ከዛ ራስን መውቀስ። ይሄ ከተራ ጸጸት ይለያል፣ «ይሄን አጠፋሁ» አይደለም የሚለው፣ «እኔ ራሴ ጥፋት ነኝ፣ ለሰው ሸክም ነኝ፣ ባልኖር ለነሱ ይሻላቸዋል» ነው። «ባልኖር ይሻላል» እዚህ ውስጥ ከገባች ጽሁፉን ትታችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። የወሲብ ፍላጎትም ብን ብሎ ይጠፋል፣ ይሄን ማንም ካውንተር ላይ አይናገረውም ግን ስንት ትዳር ውስጥ «ሌላ ሰው ይዞ ነው» ተብሎ ጸብ ሆኗል።

አንድ ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ ዘግቼ ባጃጅ ይዤ ሰፈር ደረስኩ። ሹፌሩ «ወንድም ደርሰናል» አለኝ። ሰምቼዋለሁ። የሚጠበቅብኝ እግሬን አውርጄ መሬት መርገጥ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም፣ ግን እሱ ራሱ ዳገት ሆነብኝ፣ ቁጭ ብዬ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችውን መቁጠሪያ አያለሁ። «ወንድም አሞሃል እንዴ?» «አይ ደክሞኝ ነው።» ሂሳቡን ከፈልኩት፣ ወረድኩ፣ ትንሽ ሄድ ስል በጥሩምባ ጠራኝ፣ ለካ ሁለቴ ነው የከፈልኩት፣ አንዱን መለሰልኝ። ቤት ገብቼም በሽታ ነው አላልኩም፣ «ቫይታሚን ልጀምር» ነው ያልኩት።

በቁጥር ማየት ለሚወድ ሰው ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ፣ እኛ አገርም ጤና ተቋማት ይሰሩበታል። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄ ነው፣ ለእያንዳንዱ ከ0 (በጭራሽ) እስከ 3 (በየቀኑ ማለት ይቻላል)፣ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል። 10 እና ከዛ በላይ ከሆነ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ዘጠነኛዋ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ናት፣ እዛ ጋ ከ0 ውጪ ምንም ነገር ከመለሳችሁ ድምሩ 4 ቢሆንም ዝም ብላችሁ አታልፉት። ደሞ ይሄ ማጣሪያ እንጂ ውሳኔ አይደለም፣ ተሞልቶ ራስ ላይ በሽታ መለጠፊያ አታድርጉት።

ሰው ላይ

ሰው ላይ ማየት ይቀላል፣ ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ። እኔን ያየችኝ ታናሽ እህቴ ናት፣ ያየችው ደሞ ፊቴን አይደለም። «ስልክህ ሲጠራ ታየዋለህ» አለችኝ። «አታነሳውም፣ አትዘጋውምም፣ እስኪጨርስ ታየውና ገልብጠህ ታስቀምጠዋለህ። እማዬ ስትደውል ራሱ።» ሙዴ እንዴት እንደሆነ ብትጠይቀኝ ደህና ነኝ እላት ነበር፣ ስልኩን ግን መካድ አልቻልኩም።

ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ንዴት ሆኖ ነው የሚታየው። በትንሽ ነገር መጮህ፣ ልጆች ላይ መቆጣት፣ ባጃጅ ሹፌር ከሆነ ከተሳፋሪ ጋ በአምስት ብር መጣላት፣ መጠጡ መጨመር፣ ድሮ ቅዳሜ ብቻ ይቅም የነበረው ሰው በየቀኑ መቃም። ሰዉ «ጸባዩ ተበላሸ» ነው የሚለው። ጫቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣ መደበር አለ፣ ስታቆሙ የሚመጣ ዱካክ አለ፣ እነዚህ በራሳቸው ድባቴ ባይሆኑም ሊሸፍኑትም ሊያባብሱትም ይችላሉ፣ ስለዚ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትቅሙትን ደብቃችሁ አትሂዱ፣ ማንም አይከሳችሁም።

አራስ ቤት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም ነው የምናልፈው። ሴት ልጅ ከወለደች በሶስተኛው በአራተኛው ቀን ማልቀስ፣ ሆድ መባስ፣ ይሄ የብዙ ሰው ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይሄዳል። ካልሄደ፣ ወይ ከወር በኋላ አዲስ ከጀመረ፣ ሌላ ነው። እኛ ቤት ደሞ ጠያቂው ይጎርፋል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ሁሉም የሚያየው ህጻኑን ነው፣ «ማንን ይመስላል» ነው ወሬው። እናትየዋን እዩልኝ። ህጻኑ ተኝቶ እንኳን እሷ መተኛት ካልቻለች፣ ልጁን ስትይዘው የሌላ ሰው ልጅ እንደያዘች አይነት ከሆነ፣ «ጥሩ እናት አይደለሁም» ካለች፣ የአራስ ጠባይ ነው ብላችሁ አትለፉ። የሌለ ድምጽ ከሰማች ወይ ግራ የተጋባ ንግግር ከጀመረች ወይ ልጁን ስለመጉዳት ካወራች ያ ድንገተኛ ነው፣ በዛው ሌሊት ሆስፒታል፣ ከልጁም ጋ ብቻዋን አትተዋት።

ከተማችን ላይ ደሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች አሉ። ፓርኩ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ከተከፈተ ጀምሮ ከገጠር የመጡ ሴት ልጆች ሶስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፣ እያዋጡ ያበስላሉ። ገና አስራ ዘጠኝ ሃያ አመታቸው ነው፣ ከቤት ርቀው የመጀመሪያቸው። አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ማየት ያለባችሁ መዋጮዋን ነው፣ «እኔ አልበላም አታስገቡኝ» ካለች ሁሌ ብር ቆጥባ አይደለም። እሁድ ፀጉሯን አብራችሁ የምትሰራው ልጅ ሻሽ አስራ ወደ ግድግዳ ዞራ ከዋለች፣ ቤተሰብ ሲደውል «ደህና ነኝ» ብላ ዘግታ ከተሸፋፈነች፣ ሺፍት መቅረት ከጀመረች። የቤት አከራይም ብትሆኑ ይሄን ታያላችሁ፣ ኪራይ ብቻ አትዩ።

ትልልቅ ሰዎች ላይ መርሳትና ዝምታ ነው፣ «እርጅና ነው» ይባላል። ተማሪዎች ላይ ነጥብ መውረድና ክፍል መዝጋት።

ሐዘን ግን ድባቴ አይደለም። ሰው ሲሞትበት ማልቀስ ያለበት ነው፣ ድንኳኑም እዝኑም ለዛ ነው የተሰራው። ልዩነቱን እንዲህ እዩት፣ ሐዘን እንደ ማዕበል እየመጣ ይሄዳል፣ መሃል ላይ የሟቹን ቀልድ አንስቶ ይሳቃል፣ ሐዘንተኛው የጠላው ሞትን እንጂ ራሱን አይደለም። ሐዘኑ ራስን ወደ መጥላት ከዞረ፣ ወራት አልፎም ሰውዬው ወደ ስራው ወደ ሰው መመለስ ካቃተው፣ ያኔ ሌላ ነገር ገብቷል።

እንዴት ታወሩታላችሁ

«ምን ጎደለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ምንም እንዳልጎደለው ያውቃል፣ ለዛም ነው ራሱን የሚወቅሰው። «ጠንከር በል»ም እንደዛው፣ እግሩ ለተሰበረ ሰው ሩጥ ማለት ነው። ያያችሁትን ነገር በቀን ተናገሩ። «ከመስቀል ወዲህ ቡና ላይ አላየሁሽም፣ ምን ሆነሽ ነው?» ለትልቅ ሰው ከሆነ «እትዬ፣ ጾሙ ሳይገባ ጀምሮ ምግብ ሲበሉ አላየሁም፣ አብረን ሐኪም ጋ እንሂድ እስቲ» ብትሉ ይበቃል። ከዛ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል አውቃለሁ፣ ግን መልሱ የሚመጣው እዛ ውስጥ ነው፣ እህቴ ስለ ስልኩ ከነገረችኝ በኋላ አስር ደቂቃ ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር፣ አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም፣ ያኔ ነው ያወራሁት።

ራስን ስለማጥፋት በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሃሳቡን አይሰጠውም፣ ይሄ የተረጋገጠ ነገር ነው፣ እንደውም የያዘውን የሚያወርድበት ቦታ ያገኛል። «መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ? ራስህን ስለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ አትደንግጡ አትስበኩ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር፣ መድሃኒትንም ጨምሮ፣ ከአጠገቡ አርቁ፣ እና ውሰዱት። ሐዋሳ ላይ ሪፈራል የምንለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለው፣ ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍሉ ክፍት ነው። ንብረቱን ማከፋፈል፣ ድንገት እየዞረ ይቅርታ መጠየቅ፣ ወይ ከረጅም ጭንቀት በኋላ ያለ ምክንያት በአንዴ ሰላማዊ መሆን ከታየ ደሞ «ተሻለው» ብላችሁ አትተኙ።

ጸበል እና ጸሎት ላይ ሁሌ ጥያቄ ይመጣል። ሂዱ፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ሰው መሃል መሆኑ በራሱ አንድ ነገር ነው። ብቻ መድሃኒት የጀመረ ሰው «ከጸበል ጋ አብሮ አይሄድም» ብሎ እንዳያቋርጥ፣ ወይ ጸሎት ቤት «ድነሃል» ስለተባለ እንዳይጥለው። ሁለቱ አይጣሉም።

ህክምናው ጋ ስትደርሱ

ድንገተኛ ካልሆነ በጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ የጤና መድህን ደብተር ካላችሁ ሪፈር ሳያጽፉላችሁ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ መክፈል ሊመጣባችሁ ይችላል። ስትገቡ «ራሴን ያመኛል» ብቻ ብላችሁ አትውጡ፣ የሁለት ሳምንቱን ነገር ተናገሩ፣ ማስታወሻ ጽፋችሁም ሂዱ ምክንያቱም እዛ ስትቀመጡ ይጠፋችኋል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ ያየኝ ሰው ቀና ሳይል ቫይታሚን ቢ ጽፎልኝ ነበር፣ ከኔ ፋርማሲ ገዛሁት መቼስ ምን ይደረግ። የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ማነስ ድባቴ መስለው ስለሚመጡ ደም መመርመሩ ጥሩ ነው። እና ድሮ አንድ ሰሞን ሳትተኙ ሳይደክማችሁ፣ ብር እየበተናችሁ፣ ወሬያችሁ የማይያዝ ሆናችሁ ታውቁ ከነበረ ይሄን ለሐኪሙ ሳትነግሩት እንዳትወጡ፣ መድሃኒቱ ይለያል፣ ተራው የድባቴ መድሃኒት ብቻውን ያንን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ቀለል ላለው ንግግር፣ ምክር፣ እንቅስቃሴም ይበቃዋል። መድሃኒት ከታዘዘ ብዙ ጊዜ ፍሉኦክሰቲን ወይ አሚትሪፕቲሊን ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። እንደ ፓራሲታሞል በሰዓት አይሰራም፣ ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይወስዳል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ ማቅለሽለሽ፣ አፍ መድረቅ፣ እና ሰዉ በአስረኛው ቀን «አልሰራልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዛ ነው። ከተሻላችሁም በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ነው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው፣ ማቆሙም ቀስ እያለ በሐኪም ነው። ከ25 አመት በታች የሆነ ልጅ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ ተከታተሉት፣ ራስን የመጉዳት ሃሳብ ሊጨምር ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ማዘዣ ስጠኝ ለሚለኝ ደሞ አልሰጥም፣ ዲያዜፓም ሱስ ያሲዛል ድባቴውንም አያክምም፣ ስትቆጡኝ ቅር አይለኝም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ የቀጠሮ ካርዱ። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፉት፣ እኛ በሐበሻ እናነበዋለን፣ ስንቱ ሰው ቀጠሮው አልፎት ወይ ቀድሞ ሄዶ ተመልሶ «ከዚህ በኋላ አልሄድም» ብሏል። ካርዱን ስትቀበሉ እዛው መስኮቱ ጋ ቆማችሁ «ይሄ በኛ ስንት ነው?» በሉና ጀርባው ላይ ጻፉት፣ ታማሚው ስልኩን ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚ አላርሙን በናንተ ስልክ ሙሉት።